የዛፍ መርጌታነቴን የነጠቀችኝ የእህቴ ልጅ

ዛሬ ዘጌ ጫካ ውስጥ ዓይኗን በነጠላ የታሰረች ልጅ አዋረደችኝ።

የእህቴ ልጅ ሰብለ ናት። ግንዱን በመዳፏ ትዳስሳለች፣ ልጡን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸትታለች፣ ከዚያ «ዋንዛ»፣ «ሰሳ»፣ «ወይራ» ትላለች። አንዱንም አልሳተችም።

ያስተማርኋት እኔ ነኝ! እኔ ግን በዓይኔ እያየሁ ነበር ያስተማርኋት።

የጨዋታው ተራ ለእኔ ደረሰና ዓይኔን ታሰርሁ። እጄ የተላጠ ግንድ ላይ አረፈ። በዚህ አካባቢ ሰው ለመድኃኒት የሚልጠው ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ስለሆነ፣ ሳላሸት «ጥቁር እንጨት!» ብዬ ጮህሁ።

«ጋሼ፣ ቁስሉን ትተው ልጡን ይዳስሱ እንጂ። ብሳና ነው» አለች።

የጫካው ጠባቂ አባ እስከ ዛሬ «የዛፍ መርጌታ» የሚሉት እኔን ነበር። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና «በል፣ ማዕረጉን ለልጅቱ አስረክብ» አሉኝ።

ስንመለስ የተሳፈርንባት ጀልባ ባሕር ዳር እስክትደርስ እኔ ውኃ ውኃውን ሳይ፣ ጀልባ ነጂው እንኳ እሷን «መርጌታ» ይል ጀመር።

ቀንቻለሁ፣ አልደብቅም።

እናንተስ? ያስተማራችሁት ልጅ በገዛ ሙያችሁ ሲበልጣችሁ እንዴት ቻላችሁት? ጻፉልኝ። «እኔስ ኮራሁ» የምትሉ ግን ነገ ኑ፤ ዛሬ ለእሱ የሚሆን ጆሮ የለኝም።