የልጅ ልጄን የወጋሁ ዕለት

የልጅ ልጆቼ ንገሪን አሉኝ። ሲኤምሲ ያለው የትልቋ ልጄ ቤት ያ ሁሉ ክፍል እያለው ለምን አንድ ሌሊት እንኳ እንደማላድርበት ነው ማወቅ የፈለጉት። ስታወሪ ወደ ሌላ ወሬ ትሄጃለሽ፣ ጽፈሽ ስጪን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ምስር እየለቀምኩ ነው። ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅር በሉኝ። ንዴቴን ግን ይቅር በሉኝ አልልም።

ስኳር ከያዘኝ ብዙ ዘመኔ ነው። ኢንሱሊኔን ጠዋትና ማታ ራሴ እወጋለሁ። ያስተማረችኝ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ «እማማ፣ ብልቃጡን አይናጡት፣ በመዳፍዎ መሀል ያንከባልሉት» እያለች እጄን ይዛ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ውጉኝ ብዬ አልለመንኩም። የትም የምሄደው በዚህ ነው። አንዷ ልጄ ሲኤምሲ፣ ወንዱ ሳሊተ ምሕረት፣ የመጨረሻዋ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ናቸው። መድኃኒቴን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በረዶው እንዳይነካው አድርጌ በረዶ የያዘ ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጥና ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ወያላው «ማዘር፣ ከምሳው ለኛም ይድረሰን እንጂ» ይለኛል። ሰው ልጆቿ አንከራተቷት ይላል። ማንም አላንከራተተኝም፤ መዞር ደስ ስለሚለኝ ነው። ይሄን መዞሬን ሦስት ዓመት ተነጠቅሁ። የምነግራችሁ ስለዚያ ነው።

የትልቋ ልጄ ልጅ ልታገባ ነበር፤ እኔም ያን ሰሞን እነሱ ቤት ነበርኩ። ቬሎው መጣና ዚፑ አልዘጋ አለ። ልጅቱ ምንም አልጎደላትም፣ ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ቤቱን የምትሞላ ልጅ ናት። እናቷ ግን ፎቶው ዕድሜ ልክ ይቀመጣል ብላ እንቅልፍ አጣች። ዲግሪ ያላት፣ ስንት ሰው የምታዝዝ ሴት ናት። ቦሌ ካለ አንድ ሽቶና ክሬም ከሚሸጥበት ሱቅ ትንንሽ ብልቃጦች ገዝታ መጣች። ውስጣቸው ከሥር እንደ ጨው የደረቀ ነጭ ዱቄት አለ። በውሃ ይበጠበጣል፣ በሳምንት አንዴ ይወጋል፣ የምግብ ፍላጎት ያጠፋል አሉኝ። እኛ እህል ባጣንበት አገር የምግብ ፍላጎት ማጥፊያ በብር ይገዛል! ይሁን፣ ዘመኑ ነው አልኩ።

ሐኪም ነው ያዘዘው? ብዬ ጠየቅኋት። «እማ ደግሞ፣ ውጭ አገር ሁሉም የሚወስደው ነው» አለችኝ። ይሄ መልስ እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ፍሪጁ ውስጥ ለእነዚያ ብልቃጦች ቦታ ስትፈልግ የእኔን ኢንሱሊን ወደ ኋላ ገፍታ ከበረዶው ጋር አጣበቀችው። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ይወዳል እንጂ በረዶ ከሆነ አለቀለት፣ ውሃ መውጋት ማለት ነው። ሙሉ ብልቃጥ ጣልኩ። ያን ዕለትም ዝም አልኩ። ዝምታዬን ስቆጥረው አሁን በራሴም እናደዳለሁ።

ሙሽራዋ መርፌ ትፈራለች። ክሊኒክ ቢወስዷት ደግሞ ይሄ ምንድነው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ልጄ ወደ እኔ መጣች። ያንቺ እጅ አያምም፣ አንቺ ውጊያት አለችኝ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ኮራሁ። በዚያ ቤት ሠራተኛ አለች፣ ማጠቢያ ማሽን አለ፣ እኔን የሚፈልግ ሥራ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈለግሁ።

ብልቃጡ ተበጥብጦ ነው የተሰጠኝ። ሲሪንጁን እስከ ሃያው ቁጥር ሳቢ አለችኝ ልጄ። እጄን ታጠብኩ፣ የጎማውን ክዳን በአልኮል ጠረግሁ፣ እስከ ሃያ አየር ስቤ አስገባሁበት፣ ገልብጬ ሃያ ሳብኩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሲሪንጁን ወደ ብርሃኑ አቅንቼ፣ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አረፋውን አስወጣሁ። ሆዷን ቆንጠጥ አድርጌ ወጋኋት።

«እምዬ፣ ጨረስሽ እንዴ?» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች።

«አንቺ ስትፈሪ እኔ ጨርሼ እጄን ታጥቤያለሁ» አልኳት። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ያስመልሳት ጀመር። በማግሥቱ ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልረጋ አለ። ሎሚ አሸተትኳት፣ አጥሚት በማንኪያ ሞከርኩ፣ ሁሉንም መለሰችው። እናቷ መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለች። በሦስተኛው ቀን ቬሎ ልትለካ ሄዳ ሰፊዋ ፊት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ክሊኒክ ወሰድናትና ግሉኮስ ሰቀሉላት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። መርፌ መወጋቷን ሲሰማ ብልቃጡን አሳዩኝ አለ። አገላብጦ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። ይሄ ለምርምር የሚሠራ ነው፣ ለሰው አይሰጥም ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከእናንተ መሀል ያነበበው የለም ወይ ብሎ ተቆጣ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ቤት እንግሊዝኛ የማላነብ እኔ ብቻ ነኝ። የተማሩት ሁሉ ያዩትን እኔ ሳላይ ወጋሁ። ቀጥሎ ማን እንደወጋትና ስንት እንደተወጋች ጠየቀ።

ልጄ ወደ እኔ አላየችም። «እናቴ ናት የወጋቻት። ሃያ ነበር ያልናት። ዓይኗ ላይ ሞራ አለ፣ አርባ ሳይሆን አይቀርም የሳበችው» አለች።

ሃያ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ልጅቱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ ወረቀት ነጥታ ተኝታለች። ግራ ዓይኔ እውነትም ጉም ነበረበት። ራሴን ተጠራጠርኩና አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሐኪሙ በእርጋታ፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ የራስዎንም ሌላ ሰው ቢወጋዎት ይሻላል» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው የሰማው።

ልጅቱ ዳነች፣ ተመስገን። ሠርጉም ሆነ። ሰፊዋ ዚፑን አውጥታ ጀርባውን በማሰሪያ አደረገችው፤ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ግማሽ ቀን! ለዚህ ነው ልጅ ልንገድል የነበረው።

ሲሪንጆቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄ መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ኢንሱሊኔን የምትወጋኝ እሷ ሆነች። ቁርሴ ቀርቦ፣ ኩል ተኩላ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ማታ መንገድ ተዘግቶባት ስትዘገይ ራቴን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ወንዱ ልጄ እማዬን ሳምንት እንኳ ልውሰዳት ሲል ማን ይወጋታል ትለዋለች፤ እሱ ደም ሲያይ የሚደነግጥ ነው፣ ብቻውን ይመለሳል። ወር በገባ በሃያ ሰባት ቦሌ መድኃኔዓለምን ሳልሳለም ቀርቼ አላውቅም ነበር፤ እሱም ቀረ። የዓይኔ ሞራ ከተገፈፈልኝ በኋላ ሲሪንጄን መልሺልኝ አልኳት። አሁን ደግሞ እጅሽ ይንቀጠቀጣል አለችኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም። በመርፌ ክር የማስገባው ያለ መነጽር ነው። ግን ልጅቱን ያሳመምኩ እኔ ነኝና በምን አፌ ልከራከር? ጥፋቴን እየቆጠርኩ ሦስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሲመጣ፣ ትስቅና፣ እማ ልጅቱን በመርፌ ልትጨርሳት ነበር እኮ ብላ ታወራለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሙሽራዋ ከሦስት ዓመት በኋላ ወለደች። አራስ ልጠይቃት ሄጄ ለብቻችን ስንሆን እጄን ያዘች። «እምዬ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም» አለችኝና አለቀሰች። ነገሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በሁለት ሲሪንጅ ውሃ ነበር። እናቷ ቸኩላ አንድ ብቻ ጨምራበታለች። በወጉ እንዳልተበረዘ ጠጅ ነው፤ እኔ የሳብኩት ሃያ የአርባ ጉልበት ነበረው። ልጄ ይህን ያወቀችው ደግሞ በኋላ አይደለም። ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ፣ እኔ ከኋላ ወንበር የልጅቱን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ግንባሯን ሳብስ፣ እሷ መኪናውን እየነዳች ለልጇ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነግራታለች።