በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት መንግሥታት

ሐረር የመጣሁት የሥነ ዜጋ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። ያደግሁት ደሴ ስለሆነ ዳገትና ቁልቁለቱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቤት መፈለጉ ነበር። በመጨረሻ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠና ያሉ የሐረሪ እናት ከግቢያቸው አንዲት ክፍል አከራዩኝ። ከጎኔ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ፋርማሲስት ናት። ወላጆቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ድንችና ሽንኩርት እያመጡ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ ይሸጣሉ።

ብዙ ጊዜ ከሰላምታ አናልፍም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከክፍሏ የከበሮ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። በሩ ክፍት ስለነበር ብቅ አልኩና “ምንድን ነው እሱ?” አልኳት።

“ከተማ ቆርቁሬ ነው” አለችኝ፣ ከላፕቶፑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ላፕቶፑ የወንድሟ ነበር። እሱ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ከነጨዋታው ትቶላታል። አጠገቧ ተቀመጥኩና አየሁ። መጀመሪያ ካርታው ሁሉ ጨለማ ነው፤ በእጅሽ ያሉት ጥቂት ሰፋሪዎችና አንድ ቃፊር ብቻ ናቸው። ቃፊሩ በሄደ ቁጥር ጨለማው ይገለጣል፤ ወንዝ፣ ተራራ፣ ባሕር ይመጣል። ከተማ ትሠሪያለሽ፣ መንገድ ታወጫለሽ፣ ሕዝብሽ ጽሕፈት ይማራል፣ ብረት ያቀልጣል፣ እያለ እያለ እስከ ባሩድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጎረቤት መንግሥት ሲያጋጥምሽ ትዋዋያለሽ ወይ ትዋጊያለሽ። ሁሉም በተራ ነው። “ተራዬን ጨርሻለሁ” የሚለውን እስክትጫኚ ድረስ ዓለም ቆሞ ይጠብቅሻል።

በማግሥቱ ሁለታችንም የምንጫወትበትን መንገድ አሳየችኝ። አንዷ ስትጫወት ሌላዋ ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ ትቀመጣለች፤ ምስጢር ማየት የለም። እኔ ተራዬን ስጠብቅ የባቢሌ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ የማውሱን ድምፅ አዳምጣለሁ። ቶሎ ስትጨርስ “ምን ወስና ቢሆን ነው?” እላለሁ፤ ስትዘገይም ያው ነው። በመድኃኒት ቤት መስኮት ከማያት ዝምተኛ ሴት ሌላ፣ እዚያ ማያ ገጹ ውስጥ የማላውቃት አንዲት ንግሥት ያለች ይመስለኝ ነበር።

አገሮቻችን ጎረቤት ሆኑ። በመካከላችን ያለው ቀጭን የየብስ አንገት ላይ እኔ ቀድሜ ከተማ ሠራሁና ስሙን ደሴ አልኩት። የሰላም ውል ተፈራረምን፣ ኤምባሲ ከፈትን። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመራው ሦስተኛ መንግሥት ነበረ።

የሕዝቤ እውቀት ሲፈቅድልኝ ዴሞክራሲን መረጥኩ። ንግዱ ደራ፣ ሕዝቡ ተማረ። እሷ ግን ከንጉሣዊ አገዛዝ ንቅንቅ አላለችም።

“ለምን አትቀይሪም?” አልኳት አንድ ቀን። “ወደ ኋላ ቀርተሻል እኮ።”

“መሀሉን ስለምፈራ ነው።”

መሀሉ ማለቷ ገባኝ። በጨዋታው አንዱን የመንግሥት ዓይነት አፍርሰሽ ሌላው እስኪተከል ጥቂት ተራ ሥርዓት አልበኝነት ይነግሣል፤ ግብር አይገባም፣ ከተሞች ይታወካሉ።

“ጥቂት ተራ ብቻ ነው” አልኳት።

“ወላሂ፣ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ የአባቴ ድንች ማሳ ላይ እንዳለ በሰበሰ። ያኔም ለጥቂት ቀን ነው ተብሎ ነበር።”

ስለዚያ ሰሞን ከዚህ በላይ አልነገረችኝም። ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬ ተራዋን ተውኩላት።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ከሥራ መልስ እስከ መግሪብ ሶላት እንጫወት ነበር። ችግሩ የመጣው ከባሕር ነው። የሦስተኛው መንግሥት መርከቦች በጠረፌ ወታደርና መድፍ አራገፉ። እኔ ያለኝን ጦር ሁሉ ሰብስቤ ሜዳ ላይ አንድ ቦታ አቆምኩት፤ ብዛቱ ያስፈራል ብዬ ነበር። በዚህ ጨዋታ ግን ሜዳ ላይ አብሮ የቆመ ጦር፣ ከመካከሉ የሚመክተው ከተሸነፈ ሌላውም አብሮ ያልቃል። ይህን ያወቅሁት ባለቀ ጊዜ ነው። በአንድ ጥቃት ሜዳው ባዶ ሆነ።

“እርጂኝ” አልኳት።

“ውላችን የሰላም ነው እንጂ የጦር አይደለም።”

“ታዲያ የጦር ውል እንፈራረም።”

“ላስብበት” አለች፣ በትሕትና።

አዲስ ጦር አሰልጥኜ ከከተማ ውጭ ሳሰልፈው ደግሞ ሕዝቤ ጮኸብኝ። በዴሞክራሲ ሥር ወታደር ከከተማ ሲወጣ ከተሞች ያኮርፋሉ። ተናደድኩና ዴሞክራሲውን አፍርሼ ወደ ወታደራዊ አገዛዝ ለመግባት ወሰንኩ። ሥርዓት አልበኝነቱ ጀመረ። ተራዬን ጨርሼ ፊቴን አዞርኩ፤ ተራዬ ደርሶ ስመለስ ደሴ ቀለሟን ቀይራ ጠበቀችኝ። የእኔ ቢጫ ባንዲራ ወርዶ የእሷ አረንጓዴ ተሰቅሏል። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ መልእክተኛ ልካ ሕዝቡን አሸፍታው ነው።

“ደሴን ወሰድሽብኝ?”

“ወሰድኩ” አለች።

ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላም ግቢ ውስጥ ስንገናኝ “እንደምን አደርሽ” ብቻ ሆነ። አንድ ማለዳ ደጃፌ ላይ በሚጥሚጣ የተለወሰ ቅቅል ድንች በሳህን አስቀምጣልኝ አገኘሁ። ድንቹን በላሁ፣ ሳህኑን አጥቤ በሯ ላይ መለስኩ፤ ቃል ግን አልተነፈስኩም።

ይህን ያስተዋሉት የቤታችን ባለቤት ናቸው። አንድ እሑድ ጠርተው ሁለታችንንም ሳሎናቸው ውስጥ፣ ነደባ በሚሉት ከፍ ባለ ቀይ መደብ ላይ፣ ከግራና ከቀኛቸው አስቀመጡን።

“ልጆቼ፣ በግቢዬ ሁለት ሰው እየኖረ ድምፅ አይሰማም። ምን ሆናችሁ ነው?”

ለማስረዳት አፈርን። በመጨረሻ እሷ ጀመረች፤ “እማማ፣ ከተማዋን ወስጄባት ነው።”

“በጦር?”

“አይደለም። ሕዝቡን አሸፍቼው ነው።”

“እንዴት ሸፈተልሽ?”

“ተከፍቶ ነበር።”

እማማ መነጽራቸውን ፈለጉ። “እስቲ አምጡት፤ ሰዎቹን ልያቸው።”

ላፕቶፑ መጣ። እሷ ደሴን ከፈተችላቸው። ነዋሪዎቹ በትንንሽ ፊቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ፈገግ ያሉ አሉ፣ ዝም ያሉ አሉ፣ ፊታቸው የቀላም አሉ።

“እነዚህ የቀሉት?” አሉ እማማ።

“የተከፉት ናቸው። ስረከባቸው ግማሾቹ እንደዚህ ነበሩ። አሁን ሁለት ቀሩ።”

እኔም አብሬ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ያችን ከተማ ከፍቼ ፊቶቹን ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከተማዋ ውስጥ ያሠራሁት ግንብና የጦር ሠፈር ብቻ ነው፤ ገበያውንና ቤተ መጻሕፍቱን ያሠራችው እሷ ናት።

“ገበያ አልነበራቸውም?” ሲሉ እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

“ድንበር ላይ ስለሆነ ግንቡን አስቀድሜ ነው፣ እማማ።”

“ግንብማ እኛም አለን” አሉ። “በየበሩ ግን ቲማቲም ይሸጣል።”

ቀጥለው ያ ዕቃ የቱርክ ድራማ ያሳይ እንደሆነ ጠየቁ። ያለ ኢንተርኔት እንደማያሳይ ስንነግራቸው ነገሩ ሰለቻቸው፤ ታረቁ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ስንት ቀን በሆዴ የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኋት። “ለምን ያን ጊዜ? ስወረር ጠብቀሽ?”

“ምን እንደምታደርጊ ለማየት ነው” አለች። “ስለ መንግሥት የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። የእኔን አገዛዝ ኋላ ቀር ስትዪው ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አንድ ጦርነት ስትሸነፊ ዴሞክራሲሽን እንዲያ በቀላሉ ስታፈርሺው ግን ገረመኝ።”

“ሕዝቡ አላዋጋ አለኝ።”

“አላዋጋ ይበልሽ። ዴሞክራሲው ባይፈርስ ኖሮ እኮ ከተማሽን ማሸፈት አልችልም ነበር፤ ጨዋታው አይፈቅድም። መልእክተኛዬ በርሽ ላይ ስንት ጊዜ ቆሞ ተመልሷል መሰለሽ?”

ይህን አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ስለ ሕገ መንግሥት ሳስተምር፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄው ሕዝብ መንግሥቱን ስለሚጠብቅበት መንገድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ መሪው ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ደግሞ አሁን አውቄዋለሁ፤ መልሱ ደስ አላለኝም፣ ግን ካለመደሰቴ ይልቅ ማወቄ ነው የገረመኝ።

ወደ ጨዋታው ተመለስን። ደሴን ልትመልስልኝ ነበር፤ እኔ አልፈለግሁም። ነዋሪዎቹ ተመችቷቸዋል፣ ይቆዩ አልኩ። ጦሬ እንዲያልፍ ብቻ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሰጠችኝ፤ ወራሪዎቹንም በሁለት በኩል ገጥመን ወደ መርከባቸው መለስናቸው። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ከደሴ ትይዩ ያለው ኮረብታ ላይ ምርጥ መድፎቼን አስቀመጥኩ። ኤምባሲዋ ነገራት መሰለኝ እሷም ግንቡን አጠናከረችው። እኔ ጨመርኩ፣ እሷም ጨመረች። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ፤ ሦስተኛውን መንግሥት ረሳነው።

አንድ ቀን ተራዬን ስጨርስ ማያው ላይ መንኮራኩር ወደ ሰማይ ሲወጣ ታየ። ከባሕሩ ማዶ ያለው ሕዝብ ወደ ሌላ ኮከብ ተጉዞ ጨዋታውን አሸንፏል። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን አየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ እኔም ተከተልኩ፤ እማማ ምን ሆናችሁ ብለው እስኪወጡ ድረስ ሳቅን።

አሁን የምንጫወተው በአንድ አገር ነው። እሷ የውጭ ጉዳዩን ትይዛለች፣ እኔ የአገር ውስጡን፤ ጦሩ የጋራ ነው፣ ስለዚህም አይንቀሳቀስም። ትናንት የአንድ አዲስ መንግሥት መልእክተኛ መጥቶ ካርታችንን በካርታው እንድንለውጠው ጠየቀ። እሷ እንስጠው አለች፣ እሱ የት እንዳለ ለማየት። እኔ የት እንዳለን እንዲያውቅ አልፈልግም አልኩ። መስማማት አቅቶን ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትተን ለእራት ድንች ልንልጥ ወጣን። መልእክተኛው ማያው ላይ ፈገግ እንዳለ ቆሟል፤ እስካሁን አልመለስንለትም።