አምስቱን ቤት አሥራ ሁለት ያደረገው መምህር

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን ዝም ብዬ ብውጠው ያንቀኛል። ደብረ ታቦር ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ጎረምሳ ልጄን ስመኝን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር ዘራቸው ሰባት ቤት፣ ማለትም ሰባት ትውልድ ያልተራራቀ አይጋቡም። ሽማግሌዎቹ የሁለቱን አያት ቅድመ አያት ሲቆጥሩ ዘራቸው አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘ። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

በማግስቱ መምህሩ ራሱ በባጃጅ ጋፋት፣ እኛ መንደር ድረስ መጣ! ሽማግሌ የሚባል ነገር እያለ፣ ራሱ! ደጄ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በእንጨት ይጭር ጀመር።

«አባቴ፣ በአሥር የምንቆጥረው ጣታችን አሥር ስለሆነ ነው። በሦስት እንቁጠር። አምስት ማለት አንድ ሦስትና ሁለት ትርፍ ነው፤ 12 ተብሎ ይጻፋል። ይኸው፣ ሰባትን አለፈ።»

«አሥራ ሁለት?»

«በሦስት ሲቆጠር ነዋ።»

«የቀሩትን አያቶች ከየት ወልደህ ጨመርክብኝ?» ብዬ ዱላዬን አነሳሁ። ሙታን እንኳ ከዚህ ሰው አላረፉም!

ይህን ጊዜ ስመኝ ከጓዳ ወጣች። ሌሊቱን ስታለቅስ ስላደረች፣ ልትማልድለት መሰለኝ።

«እስቲ ሰባትንም በሦስት ቆጥረህ ጻፋት» አለችው።

አቀርቅሮ ጫረ። ሁለት ሦስትና አንድ ትርፍ፤ 21 ብሎ ጻፈ።

«የቱ ይበልጣል?»

እንጨቱን ጥሎ ተነሳ።

«እንግዲያ ወንድሜ ነህ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች፤ «ግባና ምሳህን ብላ።»