ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ልጄ ኤርፖርት፣ ጭነት ክፍል ነው የምትሠራው። ፈረቃዋ እየተቀያየረ እንቅልፍ አጣች፤ ትንሽ ትልቁ ያስለቅሳት ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄዳ አንድ ወረቀት ይዛ መጣችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። በየጠዋቱ በእግር መሄድ። በቂ እንቅልፍ መተኛት። ስልክ አጥፍቶ ለብቻ መቀመጥ። እምቢ ማለትን መልመድ።

በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ዛሬም አልጠፋኝም፤ ቆሜ አነበብኩት። ስጨርስ ደሜ ፈላ። እሷ በእግሯ ስትሄድ የሦስት ዓመት ልጇን የምይዘው እኔ። እሷ ስትተኛ ሕፃኗ እንዳትረብሻት ብዬ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ይዣት የምወጣ የምወርደው እኔ። መድኃኒቱ የታዘዘው ለልጄ፣ የምውጠው ግን እኔ ነኝ።

እንድትድንልኝ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ማንም አይጠርጥረኝ። ፊቷ ሲፈካም አይቻለሁ። ግን እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ፤ ወረቀት የጻፈልኝ ግን የለም። ቀለል የሚለኝ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ብቻዬን ስቀመጥ ነው። ከሄድኩ ወራት አልፈዋል።

የልጅ ልጄን ቀይ እርሳስ አንስቼ ከታች ጻፍኩበት፦ «ቅዳሜ ጠዋት የእማዬ ነው።»

ልጄ አይታ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! ቀኑን ሙሉ ቤት እየዋልሽ ምን ጭንቀት አለብሽ?»

«ቤት ማለት አልጋ መሰለሽ?»

«እሺ በቃ፣ ቅዳሜ ሂጂ።»

ቅዳሜ ነጠላዬን ለብሼ ጠበቅኳት። ከእግር ጉዞዋ የመጣችው ምሳ ሲደርስ ነው፣ ጁስ ይዛ። «ጓደኛዬን አግኝቼ እኮ ነው» አለችኝ። ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደምኳት። ቀስቅሼ ሕፃኗን ጎኗ አስቀመጥኩና «ቁርሷን አልበላችም» ብዬ ወጣሁ። ስልኬን አጠፋሁ።

ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ፤ እረፍት ግን የታለ? በልታ ይሆን? የበረንዳው በር ተዘግቶ ይሆን? በራሴ ተናደድኩ። አርፎ መቀመጥም ለካ ልምድ ይፈልጋል! ሁለት ጊዜ ልነሳ ብዬ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከጉልበቴ ላይ እስክትሸሽ አልተንቀሳቀስኩም።

ስመለስ ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ስልክሽን ለምን ትዘጊያለሽ? አንድ ነገር የሆንሽ መስሎኝ!»

«ወረቀትሽ ላይ አለ። ሦስተኛው መስመር።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ለኔ የተጻፈ ነው!»

«አውቃለሁ። ያናደደኝም እሱ ነው።»

ከዚያ እንደ ልማዷ ሕፃኗን ወደ እኔ ዘረጋቻት። እጄ ሊቀበል ተነስቶ ነበር፤ መለስኩት።

«እምቢ» አልኳት። «መጀመሪያ ነጠላዬን ልጠፍ።»

ሕፃኗን እንደታቀፈች ተከትላኝ ገባች። ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠምኩ፣ ሳልቸኩል አጠፍኩ። ልጄ ቆማ ጠበቀችኝ።