ያላጠፋሁት እባብ

የእስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው። ኦስሎ መሐል ከተማ፣ ሴንትሩም፣ ቢሮ የማጸዳበት ያው አረንጓዴ ሳሙና። ጠዋት ሃውገሩድ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ሻይ ይዤ እንደተቀመጥኩ ሁለት ፖሊሶች አንኳኩ፤ ጫማዬን እስካስር ድረስም በትህትና ቆመው ጠበቁኝ። አገር ቤት ሲወስዱኝ ጫማህን አድርግ ያለኝ አልነበረም። የዚህኛውም በር ግን የሚቆለፈው ከውጭ ነው።

የጥገኝነት ጥያቄዬ ለሦስተኛ ጊዜ አቭስላግ ወጥቶበት፣ ውድቅ ተደርጎ፣ ሊመልሱኝ ነበር የያዙኝ። ወዴት? ስምንት ወር ወዳሰረችኝ አገር። ያኔ የታሰርኩት አንድ ጎረቤት “ቤቱ ሰው ይሰበሰባል፣ የማይታወቅ ነገር ያነባሉ” ብሎ ጠቁሞብኝ ነው። የምናነበው መጽሐፍ ነበር። መርማሪው ጥቆማውን ሲያነብልኝ የጠቋሚውን ስም በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ያዘው። ስምንት ወር ሙሉ ያንን ጣት ሳስብ ከረምኩ።

የዚህ አገሩ መኮንን ደግሞ ገመድ ነገር አይፈቀድም ብሎ የአንገቴን ማተብ በመቀስ ቆረጠው። እናቴ ያሰረችልኝ ነው። አብራው በቆዳ የተሰፋች ክታብ ነበረች፤ ውስጧ ምንድን ነው ሲለኝ ጸሎት ነው አልኩት። ደብተራ የጻፋት፣ ዓይን ብቻ የሆነ ሥዕል የሞላባት፣ እኔም ገልጬ የማላውቃት መሆኗን ለሱ ማስረዳት አላሰኘኝም። ሁለቱንም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከቶ ወሰዳቸው።

አብሮኝ የታሰረው ዕድሜው ሃምሳ የሚጠጋ ላቲን አሜሪካዊ ነበር፤ ኦስሎ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ዓመታት ቆይቷል። በተሰባበረ ኖርዌይኛ እንግባባለን። ንጹሕ ሰው ነው፣ አልጋውን እንደ ወታደር ያነጥፋል። ጠዋት ጠዋት ግን እጁን ዘርግቶ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞረ ባልሰማሁት ቋንቋ ያነበንባል። ምሥራቁን ያገኘው ብርሃኑ መስኮቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አይቶ ነው። እኔም ለጸሎቴ ምሥራቅ ያስፈልገኝ ስለነበር፣ ሳልወድ በሱ ምሥራቅ ጸለይኩ።

ምን እንደሚያመልክ ስጠይቀው ሳይደብቅ አወራኝ። ከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ሰዎች ነበሩ፤ መምህራቸው ኮከብ ቆጠራውን፣ የአስማት መጻሕፍቱን፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት አዝቴኮች ያመልኳቸው የነበሩትን አማልክት፣ ሁሉን ባንድ ላይ አደባልቆ ያስተምራቸዋል። ሃያ የቀን ምልክት አላቸው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ጥቁር መስተዋት አላቸው። የሱን መስተዋት ልክ እንደኔ ማተብ ሲገባ ወስደውበታል። አያቶችህ አዝቴክ ነበሩ ወይ አልኩት።

“ናይ” አለኝ፣ አይ ማለቱ ነው፣ “አያቴ ጫማ ሰፊ ነበር።”

በሦስተኛው ቀን ከሻወር ስመለስ ከትራሴ ትይዩ ግድግዳው ላይ በእርሳስ እባብ ስሎ አገኘሁት። ላባ ያለው እባብ! ክብ ሠርቶ ተጠምጥሟል፣ አፉ ወደኔ። ደሜ ፈላ። አጥፋው አልኩት። ይጠብቃል አለኝ። እባብ ነው የሚጠብቀኝ? ሲነጋ የማየው ሊመልሱኝ ቀኑ የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሲመሽ የማየው እባብ። የአቤቱታ ቅጽ አምጡልኝ ብዬ ጻፍኩ፦ ጠንቋይ ነው፣ እባብ ያመልካል፣ ያስፈራኛል። የመጨረሻዋ ውሸት ናት። አናደደኝ እንጂ አላስፈራኝም።

በማግስቱ ሁለት መኮንኖች ገቡና ሰውየውን ለብቻህ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለህ አሉት። አብሮህ ያለው ሰው ደኅንነት አይሰማውም፣ እስከ በረራህ ድረስ እዚያው ትቆያለህ፣ ከሌሎች ጋር አትገናኝም። ሰውየው ማን እንዲህ እንዳለ ጠየቀ። አንደኛው ወረቀቱን ሲያሳየው የግርጌውን ስም በአውራ ጣቱ ሸፈነው።

ከኔ ሌላ ማን አለ? ሁለት አልጋ ነው ያለው። ሰውየው ግን ዞሮ እንኳን አላየኝም፤ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያየው። እኔም ያንኑ ጣት ነበር የማየው።

እጄን ምነው በቆረጠው! “እኔ ነኝ የጻፍኩት” አልኩ። “ውሸት ነው። አያስፈራኝም። አትውሰዱት።” መኮንኑ በርኅራኄ አየኝና ተመዝግቧል አለኝ። ሌላ ቅጽ ስጡኝ አልኩ፤ ያንን መሰረዣ ቅጽ የለም አለ። እንደገና አስረዳሁ፣ እንደገና ያንኑ መለሰልኝ። ሦስተኛው ላይ ኖርዌይኛዬ አለቀብኝ፣ በአማርኛ ቀጠልኩ። እሱም በአማርኛው ላይ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። 

ሰውየው ዕቃውን ለመሰብሰብ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

“በእንቅልፍህ ትጮህ ነበር” አለኝ። “ላንተ ነው የሳልኩት።”

ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ያው መኮንን ተመለሰ። የኦስሎ ቤተ ክርስቲያናችን አባ ደብዳቤ ልከው ኖሮ ማተቤን በቋጠሮ ቀጥሎ አመጣልኝ፤ ክታቧም አብራው ነበረች። የታወቀ ሃይማኖት ስለሆነ ይፈቀዳል አለኝ። ቆዳዋን ማንም አልከፈተ። ውስጧ ያሉት ዓይኖች ቢታዩ ከእባቡ የባሰ ያስደነግጡት ነበር። በሌላው እጁ ጨርቅና የሚረጭ ሳሙና ይዟል። ጽዳት ሠራተኛ አይደለህ፣ እባቡን አጥፋውና ተገላገል አለኝ፤ መኮንኑ ቀልድ አልነበረበትም፣ ደግ መሥራቱ ነው።

ማተቤን አሰርኩ። ጨርቁን ተቀብዬ አጥፌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

“ናይ” አልኩት።

እሷንም መዘገባት። ትኬቱ ለተቆረጠበት የበረራ ቀን ሁለት ቀን ሲቀር ጉዳዬ እንደገና እንዲታይ ተፈቅዶ ለቀቁኝ። እስከዚያ በተኛሁ ቁጥር እባቡ ነበር።

አሁን ሮመን የሚባል የኦስሎ ሰፈር እኖራለሁ፣ የመኖሪያ ወረቀቴም ተሰጥቶኛል። ባለፈው ፋይሌን ጠይቄ አስመጣሁና አነበብኩ። ስለዚያ ሳምንት የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ታሳሪው ጥሩ ትብብር አሳይቷል ይላል። ያ ስሙን ያላወቅሁት ጠቋሚ ጎረቤቴም አንድ ቦታ እንዲህ ተጽፎለት ይሆናል። እሱም ተናዶ እንጂ ፈርቶ እንዳልነበረ ዛሬ እገምታለሁ፤ መገመቱ ግን አላበረደኝም።

የማጸዳው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ኖርዌጂያኖች ናቸው፣ ከፍለው የሚማሩ። ባልዲዬን ይዤ ስገባ ሰሌዳው ላይ አራቱ ማዕዘን፣ ኮከቦቹ፣ መሐሉ ላይ በቀይ ያ ላባ ያለው እባብ። ፈገግ እያሉ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ማንም ቅጽ አይሞላባቸውም። እነሱን መጥላት አምሮኝ ነበር፣ ግን ምን አደረጉኝ?

ሰሌዳ መጥረግ የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ መስኮቱን እወለውላለሁ፣ ሰሌዳውን እተወዋለሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ መልእክት ልኳል። በሩ ጀርባ ማን ምን እንዳጸዳ የሚፈረምበት ወረቀት አለ፤ ሰሌዳ ከሚለው ትይዩ አልተጠረገም ብዬ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ እጽፋለሁ።