«ደህና ዋሉ» ብሎ የሄደ ሰው

ዝናብ የመታው የጆንያ ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር፣ ሱቄ ውስጥ ከደንበኛ ጋር እየተከራከርኩ ቢሆን እንኳ፣ መቱ ወደነበረው ቤታችን ደጃፍ እመለሳለሁ፤ በቅሎዎቹ ተጭነው፣ ቃጭላቸው እያቃጨለ፣ አባቴ በመጨረሻ የሚናገራትን አንዲት ቃል ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

አባቴ የቡና ነጋዴ ነበር፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቡሬ፣ ከዚያም ቆላውን ወርዶ እስከ ጋምቤላ በበቅሎ ይነግድ ነበር። ስንብቱም እንደ ሸቀጡ በሚዛን ነበር። «ደህና ዋሉ» ካለ ማታ ለራት ይደርሳል፤ «ደህና እደሩ» ካለ ነገ ነው፤ «ደህና ሰንብቱ» ካለ ሳምንታት አሉበት፤ «ደህና ክረሙ» ካለ ደግሞ እንግዲህ መስቀልን ጠብቅ። ፊደል ሳልቆጥር ጊዜ መቁጠር የተማርኩት በዚህ ነው። ኦሮምኛውም ከዚህ አይርቅም፤ የበቅሎዎቻችን ነጂ ኦቦ ደበላ ለቀን «ነጋን ኦላ»፣ ለሌሊት «ነጋን ቡላ» ይሉ ነበር፤ በሰላም ዋሉ፣ በሰላም እደሩ ማለታቸው ነው። መመለሻቸውን ራሳቸውም ሳያውቁት ሲቀሩ ግን «ነጋቲ» ብለው ብቻ፣ ለሰላም አደራ ሰጥተውን ይሄዳሉ።

በበጋ፣ ቡና ተለቅሞ ገበያ ሲደራ፣ በደጃችን የስንብት ዓይነት ሁሉ ይሰማ ነበር። ከጎሬ የሚመጣው ግሪክ ነጋዴ ሲገባም ሲወጣም «ያሱ» ይላል፤ ጤና ላንተ ማለት ነው አሉ። አባቴ «ለመግቢያም ለመውጪያም አንድ ቃል! ግሪክ እኮ ምንም አያባክንም» እያለ ይስቅበት ነበር። ጣልያን ጥሎት የሄደውን «ቻው» የሰፈር ልጆች እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት ሰምቼ፣ አንድ ቀን እኔም ለግሪኩ አልኩት።

«ትርጉሙን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ድሮ ባሪያህ ነኝ ማለት ነበር።»

አባቴ ከት ብሎ ስቆ፣ «አምስት ዓመት ባሪያ ሊያደርገን ለፍቶ፣ ሲወጣ ባሪያችሁ ነኝ ብሎን ሄደ በለኛ!» አለ።

እኔ የምጠላው «ሰንብቱ»ን ነበር። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ እግሩ ላይ እጠመጠማለሁ፤ እናቴ እየጎተተች ታላቅቀኛለች፣ በቅሎዎቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ኦቦ ደበላ ፊታቸውን ወደ ደጃችን ዛፍ ያዞራሉ። አንድ ግንቦት፣ ደመናው ዝቅ ባለበት ጠዋት፣ አባቴ ጎንበስ ብሎ አየኝና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ደህና ዋሉ» አለ። እግሩን ለቀቅሁለት። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ኦቦ ደበላ «ነጋቲ» አሉና በቅሎዎቹን ነዱ።

ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

«እማዬ፣ አባዬ ዋሉ ብሎ የለም እንዴ?»

«ብለዋል» አለች፤ እናቴ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው።

«ታዲያ መሸ እኮ!»

ዓይን ቢወጉ በማይታይበት ጨለማ ወደ ውጭ ተመለከተች። «ገና አልመሸም» አለችኝ።

ሰኔ ገባ፤ እዚያ አገር ዝናብ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳዋል። ከሱዳን የሚመጣው መርከብ የባሮን ወንዝ ይዞ እስከ ጋምቤላ የሚወጣው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበርና፣ አባቴ ቡናውን አስረክቦ እስኪመለስ ክረምቱ እንደሚያልፍ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ከእኔ በቀር። ሐምሌ ላይ ከቡሬ የመጣ መንገደኛ፣ አባቴን የቆላ ንዳድ እንደጣለው፣ ሰው መለየትም እንደተሳነው ነገረን። ከዚያ ወዲያ ወሬ ጠፋ። ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መግባት ጀመሩ።

አንዷ፣ «እንግዲህ ጠንከር ነው እህቴ፣ ለልጅሽ ስትይ» ብትላት፣ እናቴ «ማታ ይመጣሉ፤ ዋሉ ብለው ነው የሄዱት» አለቻት። ሴትየዋ እናቴ አእምሮዋን የሳተች መስሏት አማተበች። እናቴ ግን በየማታው የአባቴን ራት በሌማት ትከድን ነበር። «መሸ እንዴ?» ስላት «ገና» ትለኛለች፤ አንዳንድ ማታ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለብቻዋ፣ «ገና አልመሸም» ትል ነበር።

በመስከረም፣ ጭቃው መጠጠር ሲጀምር፣ ቃጭል ተሰማ። ኦቦ ደበላ ከፊት እየሳቡ፣ በቅሎዋ ላይ አንድ የከሳ፣ የገረጣ ሰው ተቀምጦ መጣ፤ እኔ አላወቅሁትም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ጠዋት የወጣ ሰው እንደሚቀበሉት እጅ ነስታ፣

«እንደምን ዋሉ?» አለችው።

አባቴ ከበቅሎዋ ሳይወርድ አያት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ትንሽ አመሸሁ መሰለኝ።»

«ራቱ ቀዝቅዟል» አለችና፣ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሲሄዱ አደራ የሆነችው «ዋሉ» ሲመለሱ ጥያቄ ትሆናለች፤ ፊደሏ ግን አንድ ነው። ከግሪኩ ይልቅ ቆጣቢዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም።

ዛሬ ልጄ ከመናኸሪያ ስሸኛት በአውቶቡሱ መስኮት «ቻው እማዬ» ትለኛለች። ቻውን አልጠላውም፤ አጭር ነው፣ ነጋዴ አጭር ነገር ይወዳል። መቼ እንደምትመጣ ግን አይነግረኝም። እኔም «ደህና ዋይ» እላታለሁ።

«እማዬ ደግሞ! እስከ ፋሲካ ለሚቀር ሰው ደህና ዋይ ይባላል?» ብላ ትስቃለች።

እኔም እየሳቅሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ያኔ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ቤታችን ገና አልመሸም ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ሁሉ መብራት ሆኖ፣ አውቶቡሱ ጥግ ሲታጠፍ ወዲያው ይመሽብኛል።