ጠፍሩ የላላ ዕለት

ሦስት ጓዶቼን በአሻጥር አስገደልክ ተብዬ፣ ማንበብ በማልችለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አሳረፉኝ። ስምንት ዓመት ታሰርኩበት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የኔም ጥፋት አለ፤ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

ነሐሴ 1969 ነው። የሻምበል ጦራችን ከሂርና በላይ ያለውን ኮረብታ እንዲይዝ ትእዛዝ የደረሰው ጠዋት በሁለት ሰዓት ነበር። በአራት ሰዓት ከአሰበ ተፈሪ ወጥተን መንገድ ላይ ነበርን። ዛሬ ጭሮ የምትሏት ከተማ ናት። ኮረብታው መላጣ ነው፤ ከሥሩ የሐረር መንገድ ያልፋል። ምሽግ ቆፈርን። ሦስት ቀን ተኩስ ነበር፣ ሦስት ቀን አልለቀቅንም።

እኔ እዚያው አካባቢ፣ የመሰላ ወረዳ ገበሬ ልጅ ነኝ። እርሻውን ትቼ አሰበ ተፈሪ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ዕቃ በቤንዚን አጥቤያለሁ። ሚሊሺያ ስመዘገብ «መኪና ታውቃለህ?» አሉኝ፤ «አውቃለሁ» አልኩ። የማውቀው ግማሹን ነበር። በዚህ ምክንያት ጥይት የምታመላልሰውን ፒክአፕ እንድጠብቅ ተመደብኩ።

ፒክአፗ አሮጌ ናት። ከአንድ የገለምሶ ጫት ነጋዴ ከነሾፌሯ ነው የተወሰደችው። ሾፌሩ አብዲ ይባላል፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አማርኛው ትንሽ ነበር፣ የኔ ኦሮምኛ ግን ደህና ስለሆነ ተግባባን። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ያስቸገረን የዝናብ መጥረጊያዋ ነበር። ከመስታወቱ ሥር ሁለቱን መጥረጊያዎች የሚያንቀሳቅሱ ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹ የሚጋጠሙበት ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት፣ ጋራዥ ውስጥ ቦኮላ የምንላት፣ ተበልታ አልቃለች። መጥረጊያው ሁለቴ ሦስቴ ይሄድና ዘንጉ ከቦታው ዘልሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው፣ መጥረጊያውን የሚያዞረው ትንሹ ሞተር፣ ብቻውን ይዞራል።

አብዲ ይህን በራሱ መንገድ ያበጀው ነበር። በሁለቱ መጥረጊያዎች ላይ የቃጫ ገመድ አስሮ፣ ጫፎቹን በግራና በቀኝ መስኮት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሾፌሩ ይነዳል፣ አጠገቡ ያለው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይስባል። የገለምሶ ጫት ጫኞች ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነበር የሚሮጡት። ጫት ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅም፣ ይጠወልጋል። እኔ ግን አፈርኩበት። የጦር መኪና በገመድ እየተጎተተ መስታወት አይጠርግም አልኩት። አብዲ ገመዱን አልፈታም።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጥይት ልናመጣ ከኮረብታው ወረድን። የመትረየሱ ተኳሽ ጀማል ምሽጉ አፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሂርና ልጅ ነው፤ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ከዚያ ይታያል። «ጥይቱን እናንተ አምጡ» አለን፤ «ዝናቡን እኛ እናመጣዋለን።» ስቀን ወረድን።

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ለሠራዊቱ በሬ ታርዷል። እርጥብ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቀደም ሲል ዘንጉን በሽቦ አስሬ ሞክሬው ነበር፤ ሽቦው ሩብ ሰዓት ሳይሠራ ተቆረጠ። ቆዳውን ሳይ በጠፍር የሚታሰረው የአባቴ ሞፈርና ቀንበር ትዝ አለኝ። ከቆዳው ቀጭን ጠፍር ተለተልኩ። ዘንጎቹን አጋጥሜ፣ በእርጥቡ ጥምጥም አድርጌ አሰርኩ። ሞተሩን አስነስቼ በሙቀቱ አደረቅሁት። ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ብረት ሆነ።

አብዲ ኮፈኑን ከፍቶ አየው። «ቆዳ ነው እኮ» አለኝ። «ውሃ ይጠጣል።»

«ኮፈን ሥር ዝናብ ምን ሊሠራ ይገባል?» አልኩት።

እውነቱን ልናገር። ቆዳ በውሃ እንደሚላላ የማያውቅ ገበሬ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ በመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ መውጫው በዘንጎቹ ላይ መሆኑን ነው። ጋራዥ ውስጥ የቀረብኝ ግማሹ እውቀት ይህ ነበር። ጥይቱን የሚያስረክበን የትጥቅ ኃላፊ ሊፈትነው አንድ ጀሪካን ውሃ በመስታወቱ ላይ አፈሰሰ። መጥረጊያው ሽው ሽው አለ። «ከአዲስ ይሻላል» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ፈተናውም አለቀ። ኩራት ተሰማኝ። የአብዲን ገመድ ፈትቼ፣ የጥይት ሣጥኖቹን ከኋላ አጥብቄ አሰርኩበት።

ከኮረብታው በሬዲዮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር። ጥይታችን እስከ አሥር ሰዓት ያደርሰናል አሉ። በሰባት ሰዓት ወጣን። ጊዜ ነበረን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ዝናቡ ወረደ። ያ ዝናብ የጨርጨር ተራሮች የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ከጉም ጋር ነው የሚመጣው። መንገዱ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው። መጥረጊያው ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራ። ከዚያ ዘገየ። ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኮፈኑን ስከፍት ጠፍሩ እንደ በሬ አንጀት ተለስልሶ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሏል።

አብዲ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ትንሽ ነዳ። የፊቱ ጎማ የገደሉን ጫፍ ነካ። አቆመ። ወደ እኔ አልዞረም፣ «ገመዱ» አለ ብቻ።

ወርጄ ከሣጥኖቹ ልፈታው ሞከርኩ። ጠፍር በውሃ ይላላል፤ ቃጫ ግን ሲርስ ይጠብቃል። ራሴ ያሰርኩት ቋጠሮ ድንጋይ ሆነብኝ። ብቆርጠው ያጥረናል ብዬ በጥርሴም በጥፍሬም ታገልኩ። በመጨረሻ በሳንጃ ቆራረጥኩትና ቁርጥራጩን ቀጣጠልኩ። አርባ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ እስከ ኮረብታው እግር ድረስ ሁለቱንም ጫፍ ይዤ ሳብኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ቋጠሮዎቹ በመስኮቱ ጠርዝ እየተያዙ መዳፌን ላጡት። አብዲ አንድ ጊዜ እጄን አየና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ከሃያ ደረስን። መትረየሱ ዝም ብሎ ነበር። ሣጥኖቹን ተሸክመን በጭቃው ወጣን። ጠላት ከሸለቆው በኩል ወደ ፊተኛው ምሽግ ገብቷል። ሣጥን ከፈትን። አጎረስን። ተኮስን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተታኮስን። ሲመሽ አፈገፈጉ። ኮረብታው የኛ ሆኖ ቀረ።

ሙታኑን ቆጠርን። ሦስት ናቸው። ጀማል ከመትረየሱ ኋላ፤ የጥይት ዝናሩ ባዶ ነበር። አጠገቡ ዝናር አቀባዩ መኮንን። በስተግራ አሰበ ተፈሪ ልብስ ሰፊ የነበረው ታደሰ፤ እሱ በሳንጃ ነው የሞተው።

በማግሥቱ ጠዋት የሻምበል ጦሩ የፖለቲካ ኃላፊ ጠርቶ ቃልህን ስጥ አለኝ። የሆነውን ነገርኩት፤ ጠፍሩንም ሳልደብቅ። ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ያነበበው እኔ ያልኩትን ነው። የጻፈው ግን ሌላ ነበር። መዳፌ ገና ይደማ ነበርና ከቀለሙ ጋር ደሜም ወረቀቱ ላይ ታተመ። አብዲን ማንም አልጠየቀውም፤ ሾፌር ይፈለግ ስለነበር ወደ መኪናው መለሱት።

ሀ ሁ የቆጠርኩት እስር ቤት፣ በመሠረተ ትምህርት፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስፈታ ለቀበሌ የማደርሰው የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። መንገድ ላይ ቀደድኩት። እየተንተባተብኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «የመስታወት መጥረጊያውን ዘንግ ሆን ብሎ በመፍታት» ይላል። ከሥሩ የኔ ጣት አለ። ማንበብ የተማርኩት ለዚህ ነበር እንዴ ብዬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

የጀማል እናት ቤት ሂርና ሄድኩ። ከበር አላሳለፈችኝም። «ልጄን ሆን ብለህ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ሰው ሁሉ ወረቀት አለ ይላል» አለች። «ያንተ ወረቀት የታለ?» ከበሯ ተመለስኩ። ቀበሌው ሥራ ቢከለክለኝ፣ ጎረቤት ቢሸሸኝ ግድ አልነበረኝም። የዚያች ሴት በር ግን አላስተኛኝም።

ጉዳዬ እንደገና እንዲታይ ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሻምበል መዝገቡን አስወጣ። ምስክር አለህ ወይ ሲለኝ አብዲን ፈልጌ ገለምሶ ሄድኩ። ሸብቷል። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ አላልኩትም። እሱ ራሱ «ፈራሁ» አለኝና ተከትሎኝ መጣ።

ሻምበሉ ፊት በዚያው ቀስ ባለ አነጋገሩ ተናገረ። «ወላሂ አላበላሸም። እጁ እስኪላጥ ገመድ ሳበ።» ቀጥሎም ጨመረ። «ግን ቆዳ አታስር ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።»

ሻምበሉ በአሮጌው ወረቀት ላይ ከጣቴ ምልክት አጠገብ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ አየ። መዳፌን ዘርግቼ ጠባሳውን አሳየሁት። ሌላ አልጠየቀም። አዲስ ወረቀት አስጻፈ፤ መዘግየቱ በዝናብ ምክንያት ነው፣ አሻጥር የለበትም የሚል።

አነበብኩትና መለስኩለት። ጠፍሩ የለበትም አልኩት። አያስፈልግም፣ ነፃ ነህ እኮ አለኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ያላጠፋሁትን ጻፈብኝ፣ ይኼ ደግሞ ያጠፋሁትን ይደብቃል፤ እኔ ሁለቱንም አልፈልግም አልኩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ገፋልኝ። ከሥር በራሴ እጅ፣ በተጣመመ ፊደል ጻፍኩ፦ «ዘንጉን በጠፍር ያሰርኩት እኔ ነኝ። አታስር ተብዬ አልሰማሁም። ገመዱንም የፈታሁት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ።

አርባ ደቂቃ ቀድመን ብንደርስ ሦስቱ ይተርፉ ነበር? አላውቅም። አውቃለሁ የሚላችሁን አትመኑ። ጦር ሜዳ ላይ ስለ ጀግንነት ብዙ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ከዚያ ኮረብታ ይዤ የወረድኩት፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማትን ነው። እሱም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሂርና ወረድኩ። የጀማል እናት በሯ ላይ ቆማ ሳለች መጀመሪያ በአማርኛ አነበብኩላት፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ነገርኳት። የታችኛውን ጽሑፍ ሁለቴ አስደገመችኝ።

«ይሄን የጻፍከው ራስህ ነህ?»

«ራሴ ነኝ።»

ከዚያ ከበሩ ላይ ፈቀቅ ብላ መግቢያውን ለቀቀችልኝ።

ጥቅምት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር።